አማካሪ ያልነበረው ምርጫ

«የእኔ ጡረታ ጋራዥ ቆሟል» ይላሉ፣ ሾላ አካባቢ ባለች ሻይ ቤት የተገኙት የቀድሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። የዚህ መጣጥፍ አቅራቢ ግን ነገሩ ከነከነው።

የመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጡረታ ሲከበርለት፣ ደርግም በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅቶችን ሲጨምር፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደጅ ቆሞ ነበር። የገባው በ2003 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! በዚያን ጊዜ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ከሥራ ሲወጡ ባንዴ የሚከፈል የድርጅት ቁጠባ፣ የነበራቸው ሠራተኞች ሁለት መንገድ ተሰጣቸው፦ በያዙት መቀጠል ወይም ወደ ጡረታው መዞር።

«ማንን እንጠይቅ? የማኅበራችን ሊቀመንበር ‹ለራሴም አልገባኝ› አለ። ሒሳብ ሹሙ ‹መንግሥት እጅ የገባ ብር አይወጣም› ሲለን እሱን አመንን። ሒሳብ የሚያውቅ እሱ ነዋ!»

ሰውየው በፕሮቪደንቱ ቀጠሉ። በ2014 ዓ.ም. 60 ሲሞላቸው ብሩን ባንዴ ተቀበሉ፤ የዚያን ዓመት የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። «ብሩ ባንክ ተቀምጦ ሲቀልጥ አላይም ብዬ ከባለቤቴ ወንድም ጋር አሮጌ ሚኒባስ ገዛን። ሞተሩ ሦስቴ ወረደ። አማቼ አሁን በሰፈራችን አያልፍም።»

ጡረታውን የመረጠው ባልደረባቸውስ? ሕጉ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል። 11 ዓመት ላዋጣና አማካይ ደመወዙ 8,000 ለሆነ ሰው በወር 2,500 ብር መሆኑ ነው። ለቤት ኪራይም አይበቃ። ግን ዕድሜ ልክ ይከፈላል፤ ሲሞትም ግማሹ ለሚስቱ ይተርፋል። ይህን ስሌት በ2003 ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም።

ለምን እንዳልነበረ የተጠየቁ አንድ የሥራ ኃላፊ «አዋጁ ታትሟል፣ ማንበብ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ዛሬ አዲስ ተቀጣሪ ምርጫ የለውም፤ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ይጨምራል። በ2013 የወጣው የካፒታል ገበያ አዋጅ የኢንቨስትመንት አማካሪዎች ፈቃድ አውጥተው እንዲሠሩ ቢያደርግም፣ ሥራቸው ስለ አክሲዮንና ቦንድ ማማከር ነው። ፕሮቪደንቱን ባንዴ ተቀብሎ የሚወጣ ነባር ሠራተኛ ዛሬም መጀመሪያ የሚያማክረው ዘመዱን ነው፤ ዘመድየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጥ ነገር አያጣም።