ምስሉን የሚያነብ ዐይን፦ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ሥልጠና መዘመን ለሰበካችን ምን ይጠቅማል?

ከፈረስ ቤት ወይም ከቡሬ ገጠር ተነሥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወርድ ሕመምተኛ ራጅ ሲታዘዝለት፣ ምስሉን የሚያነሣው የራጅ ባለሙያ ነው። ምስሉ የያዘውን ምሥጢር የሚተረጉመው ስፔሻሊስት ግን የራዲዮሎጂ ሐኪም ይባላል። ይህ ሐኪም በሕክምና ከተመረቀ በኋላ እንደ ጥቁር አንበሳና ጎንደር ባሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ለተጨማሪ ዓመታት ይሠለጥናል።

ጀርመናዊው ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። በማግሥቱ ዓመት ከኢትዮጵያ ጦርነት የተመለሱ የኢጣሊያ ቁስለኞች በኔፕልስ በዚሁ ጨረር ተመርምረው በክንዳቸው የቀረው ጥይት ተገኘ። ያን ጊዜ አጥንትንና ብረትን መለየት ይበቃ ነበር። ዛሬ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ ስለተጨመሩ ለአንባቢው የሚያስፈልገው ዕውቀት እጅግ ሰፍቷል።

ስለዚህ ሥልጠናው በሁለት መንገድ ይዘምናል። አንደኛው የምዘና ለውጥ ነው። በቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪ የሚመሰከርለት በቆየበት ዘመን ብዛት ሳይሆን በመምህሩ ፊት ቅኔውን ዘርፎ ሲያሳይ ነው። ሠልጣኙ ሐኪምም እንዲሁ ምስሉን ራሱ አንብቦ በመምህሩ እየታረመ ችሎታውን ማስመስከር ይገባዋል። ሁለተኛው የዲጂታል ምስል ነው። በፊልም የታተመ ራጅ ባለበት ስፍራ ብቻ ይታያል፤ ዲጂታሉ ግን ለትምህርት ይከማቻል፣ መብራትና ኔትወርክ ካለም ከወረዳ ሆስፒታል ባሕር ዳር ላለ ስፔሻሊስት ይላካል። ሕመምተኛውም ከመንገድ ድካምና ከወጪ ይድናል። ሆኖም ከማዶ ሆኖ የሚያነብ በቂ ሐኪም ካልሠለጠነ የተላከው ምስል ወረፋ ከመጠበቅ አያልፍም።

የተወደዳችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እስከዚያው በእጃችን ያለ ሥራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ምርመራው መንታ መኖሩን ያሳያል። በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራም የራጅ ጨረር የለበትም። ራጅ የታዘዘላት እናት ግን ማርገዟን አስቀድማ ለባለሙያው ትንገር። የንስሐ አባቶች ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ ብዙ ስጋት ይወገዳል። የቀድሞ የራጅ ፊልም ያለው ሁሉ ሳይጥል ጠብቆ በየቀጠሮው ይያዝ፤ ሐኪሙ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ ሕመሙ መባሱን ወይም መሻሉን የሚለየው በእርሱ ነውና።