ለተረጋጋ የልብ ሕመም ስቴንት ወይስ መድኃኒት? ከስትሮክ የሚጠብቀን የትኛው ነው?

ይህ ወረቀት በካምፓችን የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የቀረበውን ትምህርት የያዘ ነው። ያልሰማችሁት እንድታነቡት፣ የሰማችሁትም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እንድታነቡለት በጽሑፍ አዘጋጅተነዋል።

የዛሬው ርእሳችን ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው። አንድ አባት ዳገት ሲወጡ ወይም ጀሪካን ሲሸከሙ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ሲያርፉ ይተዋቸዋል። ክሊኒክ ሄደው የልብ ሕመም ነው ተብለው መድኃኒት ይጀምራሉ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይህን ሲሰማ ይደውልና «እዚህ እንዲህ ለታመመ ሰው ስቴንት ይገባለታል። ክኒን ምን ያደርግላቸዋል? ስትሮክ ሳይጥላቸው ናይሮቢ ውሰዷቸው» ይላል። ከዚያ የእቁቡ ገንዘብ ይወጣል፣ ወርቅ ይሸጣል፣ ብድር ይገባል። ከዚህ ውሳኔ በፊት ማወቅ የሚገባን ነገር አለ።

የተረጋጋ የልብ ሕመም ምን ማለት ነው?

ልባችን የራሷ ደም ስሮች አሏት። በእነዚህ ስሮች ግድግዳ ላይ ስብ ሲከማች መንገዱ ይጠባል። ሰውየው ሥራ ሲሠራ ልብ ብዙ ደም ትፈልጋለች፤ በጠበበው መንገድ በቂ ደም ስለማይደርሳት ደረት ያማል። ሕመሙ የሚመጣው በሥራ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ በእረፍት የሚተው ከሆነና ለወራት ካልባሰ «የተረጋጋ» ይባላል። በእረፍት ላይ እያሉ የሚመጣ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የሚቆይ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ያለበት ሕመም ግን የተረጋጋ አይደለም። ይህ ድንገተኛ የልብ ድካም ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ስትሮክ ደግሞ የአንጎል በሽታ ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ስር በረጋ ደም ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ይከሰታል። የልብን ደም ስር የሚያጠበው ስብ የአንገትንና የአንጎልን ደም ስርም ስለሚያጠብ ልቡን የሚያመው ሰው ለስትሮክም የተጋለጠ ነው። ዘመዶቻችን መፍራታቸው ልክ ነው። ጥያቄው ከዚህ አደጋ የሚያድነው የትኛው ሕክምና ነው የሚለው ነው።

ስቴንት ምን ይሠራል?

ስቴንት ከቀጭን ብረት እንደ ወንፊት የተሠራች ትንሽ ቱቦ ናት። ሐኪሙ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ እስከ ልብ ያደርሳል፤ የጠበበውን ቦታ በትንሽ ፊኛ ከፍቶ ስቴንቷን እዚያ ያስቀምጣል። ያ ቦታ ክፍት ይሆናል፣ የደረት ሕመምም ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሆኖም ስቴንት የሚከፍተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የውኃ ቧንቧ በደለል ሲደፈን የተደፈነውን ቦታ መጥረግ ይቻላል፤ ውኃው ደለል ማምጣቱን ካልተወ ግን ነገ በሌላ ቦታ ይደፈናል። የልብ ስቴንት በአንጎል ደም ስር ላይ የሚሠራው ነገር የለም። የደም ግፊትንም፣ ስኳርንም፣ ኮሌስትሮልንም አይቀንስም።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በ2007 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣውና «ከሬጅ» የተባለው ጥናት በአሜሪካና በካናዳ 2,287 የተረጋጋ የልብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሏል። ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሾቹ መድኃኒትና ስቴንት አገኙ። ከ4 ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው በኋላ በሞትም ሆነ በድንገተኛ የልብ ድካም ልዩነት አልተገኘም። ስትሮክም በሁለቱም ወገን ከ100 ሰዎች ሁለቱን ገደማ ነው የያዘው።

ከዚያ ወዲህ «ኢስኬሚያ» የተባለ የበለጠ ትልቅ ጥናት በ37 አገሮች በ5,179 ሰዎች ላይ ተደርጎ ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። በመጀመሪያ ስቴንት ወይም የልብ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ ከተመደቡት 145 ሰዎች፣ በመድኃኒት እንዲጀምሩ ከተመደቡት ደግሞ 144 ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ደረታቸውን ዘወትር ያማቸው የነበሩት ግን ከስቴንቱ ወይም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል።

ስለዚህ ከክሊኒክ የሚሰጠው ክኒን «የድሃ ሕክምና» አይደለም። በሀብታም አገርም ቢሆን ስቴንት የገባለት ሰው ይህንኑ ክኒን ይውጣል።

ስቴንት ማስገባት ራሱ ስትሮክ ያመጣል?

አልፎ አልፎ ያመጣል። ሽቦው በትልቁ ደም ስር ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ያለው ስብ ተፍቆ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ከ100 ሰዎች ከአንድ ባነሰው ላይ ስለሆነ ስቴንት የሚያስፈልገው ሰው በዚህ ፈርቶ መቅረት የለበትም። ኩላሊታቸው በጣም የተጎዳ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ። በ777 እንደዚህ ያሉ ሕሙማን ላይ በተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና እንዲያገኙ በተመደቡት ላይ ስትሮክ በዝቶ ታይቷል። ኩላሊት የሚያማችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

መድኃኒቶቹ እንዴት ይጠብቁናል?

1. የደም ግፊት መድኃኒት፦ ለስትሮክ ዋናው ምክንያት የደም ግፊት ነው። የላይኛው ቁጥር በ10 ሲወርድ የስትሮክ አደጋ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። ግፊታችሁ ከ140/90 በታች እንዲሆን፣ ልብ የሚያማችሁ ደግሞ ሐኪሙ ከተስማማ የላይኛው ቁጥር ከ130 በታች እንዲሆን ጣሩ።

2. የኮሌስትሮል መድኃኒት (እንደ አቶርቫስታቲን ያለው)፦ በልብም በአንጎልም ደም ስር ያለው ስብ እንዳይጨምርና እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል።

3. አስፒሪን በትንሽ መጠን፦ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። ልቡን የማያመው ሰው ግን ሐኪም ሳያዘው አይጀምር፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል።

4. የደረት ሕመም ማስታገሻ፦ ልብ ረጋ ብላ እንድትመታ የሚያደርግ መድኃኒት አለ፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ ሌላ መድኃኒትም አለ።

እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት በየቀኑ ሲወሰዱ ነው። ብዙ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ ያቆማል። የደም ግፊት ግን አያምም፤ ሳይታወቅ ይጎዳል። በጾም ወይም በረመዳን ወቅት አታቋርጡ፤ ክሊኒክ ሄዳችሁ ሰዓቱ እንዲስተካከልላችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱ ሳያልቅ ከአንድ ሳምንት በፊት ተመልሳችሁ ውሰዱ። የጎረቤትን ክኒን አትዋሱ።

ከመድኃኒቱ ጋር ወጥ ውስጥ ጨው ቀንሱ፤ ቡና በጨው የምትጠጡም ጨውን ተዉት። ዘይት በልኩ ይሁን። ሲጋራና ሺሻ አቁሙ። ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር ልብ ለሚያመው ሰው አደገኛ ነው። ሐኪሙ ከፈቀደ በየቀኑ ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ ሲበርድ ግማሽ ሰዓት በእግር ሂዱ።

ስቴንት የሚያስፈልገው ማን ነው?

ድንገተኛ የልብ ድካም የያዘው ሰው ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ ስቴንት ሕይወት ያድናል። መድኃኒቱን በሚገባ እየወሰደ የደረት ሕመሙ እንቅልፍና ሥራ የከለከለው፣ ዋናው የልብ ደም ስር የጠበበበት፣ ወይም ልቡ በጣም የደከመበት ሰውም የልብ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሐኪሙ ሪፈር ሲጽፍላችሁ አትዘግዩ። «ይህ ስቴንት ሕመሜን ለመቀነስ ነው ወይስ ሕይወቴን ለማትረፍ? በመድኃኒት ብጀምርስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስቴንት የገባላችሁ ደግሞ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ይታዘዙላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ለ6 ወር ያህል፣ አንዳንዴም ለበለጠ ጊዜ። ሐኪም ሳያዝ ካቆማችሁ ስቴንቷ ውስጥ ደም ረግቶ ሊገድል ይችላል። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ደግሞ ደም ቶሎ አይቆምም፤ ግፊት ከፍ ብሎ ከቆየ አንጎል ውስጥ ሊደማ ስለሚችል ግፊታችሁን አስለኩ። የሆስፒታሉን ወረቀት ከመታወቂያችሁ ጋር አኑሩ። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ።

የስትሮክ ምልክቶች

• ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፤
• አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ድንገት ሲዝል ወይም ሲደነዝዝ፤
• ንግግር ሲኮላተፍ ወይም ሲጠፋ።

ከሦስቱ አንዱን ካያችሁ የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ጭንቅላት በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ፣ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ምግብ፣ ውኃም ሆነ አስፒሪን አትስጡ፤ ስትሮኩ ደም ፈስሶ ከሆነ አስፒሪን ያባብሰዋል። በሽተኛው ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ሳትታዩ አትቅሩ፤ የትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

እኛ ባለንበት ቦታ ሲቲ ስካን ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ስትሮክ ከመጣ በኋላ ከማከም ይልቅ እንዳይመጣ መከላከል ይሻላል። ልብ የሚያማችሁ በዚህ ሳምንት ክሊኒክ ሄዳችሁ ግፊታችሁን ተለኩ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ አሳዩ። ከውጭ የሚደውልላችሁም ዘመድ ካለ ይህንን አንብቡለት።