«ከዳተኛ» ወይስ ውሉን የፈጸመ?

በጦር ሰፈራችን ሻይ ክበብ የኳስ ነገር በተነሣ ቁጥር ክለቡን የለቀቀ ተጫዋች ሁሉ «ከዳተኛ» እየተባለ ይወገዛል። ወታደር ግን ይህን ቃል እንደ ዋዛ ሊናገረው አይገባም።

ቤልጂጋዊው ዣን ማርክ ቦስማን ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል እ.ኤ.አ. በ1990 አበቃ። በዘመኑ ደንብ ውሉ ላለቀ ተጫዋችም የዝውውር ክፍያ ይጠየቅ ነበርና፣ ሊዬዥ የፈረንሳዩ ደንከርክ ገንዘቡን ለመክፈል መቻሉን ተጠራጥሮ መሸኛውን አስቀረበት። (መሸኛ እስኪመጣ ድረስ ዕቃ አሽጎ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለባለቤቶቻችን ማስረዳት አያሻም።) ቦስማን ተሟገተ። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 15 ቀን 1995 ውሉን የጨረሰ ተጫዋች በኅብረቱ አገሮች መካከል ያለ ክፍያ እንዲዛወር በየነ፤ ባለጉዳዩን ግን ያ አምስት ዓመት የጨዋታ ዘመኑን በልቶበት ነበር።

ከፍርዱ በኋላ በሰፈነው አሠራር ሶል ካምቤል በ2001 ውሉን ጨርሶ ከቶተንሃም ወደ ባላንጣው አርሰናል ያለ ክፍያ ሲሻገር፣ የቀድሞ ደጋፊዎቹ «ይሁዳ» አሉት።

ባለፈው እሑድ ይህንኑ ስናወጋ የአንድ አሥር አለቃችን ባለቤት፣ ውሉን ከፈጸመ ምን ዕዳ ቀረበት ሲሉ ጠየቁ። የአርሰናል ወገኖች አጨበጨቡ፤ ብቸኛው የቶተንሃም ደጋፊ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።