የክበባችን ዓመትና የቡናው ዓመት

የተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበባችን በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ለሚማሩ ወጣቶች የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሰጥ ያልሰማ የግቢያችን ሰው ብዙ አይኖርም። ይሁን እንጂ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ፣ ስለ ምንስ በዚህ መልክ እንደሚካሄድ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በተለይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልናል፤ ይኸውም «ትምህርት በሚሟሟቅበት በጥቅምትና በኅዳር ክፍሉን ትታችሁ፣ ወረቀት ተሸክማችሁ ገበያ ለገበያ የምትዞሩት ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። መልሱ ግን ከቡና ዛፍ ሥር ስለሚጀምር እኛም ከዚያው እንጀምራለን።

ከመካከለኛው አገር ለመጣ ሰው መከር ማለት የታወቀ ነገር ነው። ጤፉ ወይም ስንዴው ሲደርስ ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ ይወቃል። ደቦ ከተጠራ አንድ ማሳ በአንድ ቀን ታጭዶ ሊያልቅ ይችላል። ቡና ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ዛፍ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሳይቀር፣ ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ ጎን ለጎን ይገኛል። ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ቀዩ ስለ ሆነ ለቃሚው እሱን መርጦ ይወስዳል፤ ቀሪው እስኪቀላ ጠብቆ ከቀናት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። አንዱ ዛፍ በአንድ ወቅት ሦስት አራት ጊዜ ይለቀማል ማለት ነው። የተለቀመው እሸት ቡና ውሎ ያደረ እንደ ሆነ ይቦካል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ወደ መፈልፈያው መድረስ ያለበት በዚያው ዕለት ነው። ጀንፈል ሆኖ የሚደርቀውም ቢሆን ዕረፍት አይሰጥም፤ ቀን ቀን በአልጋ ላይ ይገላበጣል፤ ዝናብ ሲያጉረመርምና ማታ ሲሆን ይሸፈናል። በዚህ አገር ደግሞ ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም።

ቆላማ በሆነው በቴፒና በበበቃ በኩል ያለው ቡና ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ደጋው በወጣን መጠን እየዘገየ ይሄዳል። በጠቅላላው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ አንዱ ጋ ወይም ሌላው ጋ ለቀማ አለ። የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ መንፈቀ ዓመት አምጥተን ከዚህ ጎን ብናስቀምጠው ሁለቱ አንድ ላይ ይገጥማሉ። የሚቀረው ጥያቄ ልጁ ከሁለቱ የትኛው ጋ ይገኛል የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቡናው ጋ ነው። ይህንን ስንናገር ወላጆቹ ትምህርት የሚጠሉ፣ ልጁም ሰነፍ እንደ ሆነ አድርጎ የሚረዳን ሰው አለ፤ ፈጽሞ ስሕተት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በአብዛኛው በወረዳው ከተማ ስለ ሆነ የገጠሩ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ ጎደሬውንና ቆጮውን ስንቅ ይዞ ይማራል። የቤት ኪራዩ፣ የዩኒፎርሙ፣ የደብተሩ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከዚያው ከቡናው ነው። ኅዳር ላይ ከክፍል የቀረው ልጅ የካቲትና መጋቢትን የሚማርበትን ገንዘብ እየለቀመ ነው። ለቀማው ደግሞ ቀደም ብለን እንዳልነው በአንድ ሳምንት ተጠናቅቆ የሚያልቅ አይደለም። ልጁ ሁለት ቀን ይቀራል፤ ሦስት ቀን ይማራል፤ እንደገና አራት ቀን ይቀራል። መምህሩ ሒሳቡን ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ሲያሻግር የልጁ ደብተር እንደ ተበላ ቆጮ በየቦታው ቀዳዳ ይሆናል። ሴቷ ልጅ በዚህ ላይ ውኃ መቅዳቱና ወጥ ቤቱ ይጨመርባታል፤ የደረቀውን ቡና ተቀምጦ መልቀምም እንደ ሴት ሥራ ስለሚቆጠር የእርሷ ወቅት ከወንዱ ይልቅ ይረዝማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የበበቃ እርሻ ብቻውን ወደ 10 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው «ጌሻ» የሚባለው ቡና ዘሩ የተወሰደው ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ሲሆን፣ በፓናማ በቅሎ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር ጨረታ ላይ በዋጋው ዓለምን ካስደነቀ ወዲህ ስሙን የማያውቅ ቡና ነጋዴ የለም። ስሙ የተወሰደበት አካባቢ ልጅ ግን የኪሎ ሒሳቡን የሚያውቀው ከመፈልፈያው ሚዛን ላይ ብቻ ነው።

የጎደለው ትምህርት የሚታወቀው በፈተና ጊዜ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸውን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው እንዲወስዱ ሲደረግ፣ በመላው አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ሆኑ ተነገረ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ይህ ቍጥር የአገር ሁሉ እንጂ የቡና አገር ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ነው። ነገር ግን ከ100 ልጅ 95ቱ በሚወድቅበት ፈተና ላይ በየዓመቱ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የተቦጫጨቀበት ልጅ ምን ዕድል እንዳለው ማሰብ አያስቸግርም። የአካባቢው ወጣት የዩኒቨርሲቲን አጥር አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ለፈተና፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣውም በዚያው ሳምንት የሆነበት ብዙ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው በሚዛን፣ ሌላው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቴፒ ሲሆን፣ ሁለቱም በቡና የተከበቡ ናቸው። ቡናው አጥሩ ድረስ መጥቷል፤ የለቃሚው ልጅ ግን አጥሩን አላለፈም።

እንግዲህ የክበባችን ዓመት የተከፋፈለው ይህንን ተከትሎ ነው። መስከረም የደብተርና የእስክሪብቶ ወር ነው። ገንዘቡ የሚገኘው አባላቱ ከሚያዋጡት፣ በየመንገዱ ጫማ ጠርገው ከሚሰበስቡት፣ አንዳንዴም ተማሪው አንድ ቀን ቍርሱን ትቶ ዋጋው ለዚሁ እንዲውል ከሚፈቅደው ነው። ስለዚህኛው ክፍል ብዙ አንጽፍም፤ በፎቶግራፍ የሚነሣውና በስብሰባ የሚጨበጨብለት እርሱ ስለ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ግን የወረቀቱ ወቅት ነው። ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉት፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ፣ የየሳምንቱ ትምህርት በሁለት ገጽ ይዘጋጃል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተሠራ ምሳሌ አለ፤ በሁለተኛው ላይ ልጁ ራሱ የሚሠራው ይገኛል። ወረቀቱን የምናድለው በገበያ ቀን ነው፤ ምክንያቱም ለለቀማ ወደ ውስጥ የገባው ልጅ ወይም እናቱ ወይም ጎረቤቱ ለገበያ መውጣቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ገበያ የተሠራው ይመለሳል፤ ታርሞ ከአዲሱ ጋር ይሰጣል። በላዩ ላይ የቡና ጭማቂ ያልነካው ወረቀት እምብዛም አይመለስም። ከጥር በኋላ ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ እኛም ከነርሱ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል እንገባለን፤ እዚያ ወረቀቱ የትኛው ልጅ የት ላይ እንደ ቆመ ይነግረናል። ክረምት ሲገባ ከሩቅ የመጣው አባል ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ሥራው በአካባቢው ተወላጆች እጅ ይቀራል።

ይህ የወረቀት አሳብ ከእኛ የመነጨ አይደለም። እንደኛው የቡና አገር በሆነችው በኮሎምቢያ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ «አዲስ ትምህርት ቤት» የሚል ስም የተሰጠው የገጠር ትምህርት አደረጃጀት ተጀመረ። ልጁ መምህሩን ብቻ ከመስማት ይልቅ በመማሪያ መምሪያ እየተመራ በራሱ ፍጥነት ይማራል፤ ለመከር ሄዶ የተመለሰ እንደ ሆነ ካቆመበት ምዕራፍ ይቀጥላል እንጂ ክፍል ደጋሚ አይባልም። በካልዳስ አውራጃ የቡና አምራቾቹ ማኅበር ራሱ ደጋፊው ሆነ። የእኛው ሁለት ገጽ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ነገር ግን መንገዱ አንድ ነው።

በወረቀቱ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረን ቋንቋ ነው። የቤንች ወይም የሸኮ ወይም የካፋ ልጅ ከቤቱ በራሱ ቋንቋ አፉን ፈትቶ፣ በከተማ አማርኛን ለምዶ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ እንዲማር ይጠበቅበታል። አስተማሪ ነኝ ብሎ የሚቀርበው የክበቡ አባል በበኩሉ ከወሎ ወይም ከአርሲ ወይም ከሲዳማ የመጣ ነው። ስለዚህ ልጁ የሒሳቡን ጥያቄ ያልሠራው ሒሳቡ ስለ ከበደው ይሁን የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ስላልገባው መለየት ይሳነናል። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኝቷል፤ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከኛ ጋር ተቀምጦ በየጥያቄው ሥር ትርጓሜውን በአገሩ ቋንቋ በአጭሩ ይጽፋል። በዚህ ሥራ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይልቅ የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ዐዋቂ ነው፤ ይህም ለአንዳንዶቻችን ጥሩ መድኃኒት ነው።

ተማሪ ወደ ገጠር ወጥቶ ማገልገሉ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ወጥተው እንዲያገለግሉ ይገደዱ ነበር፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው አሳለፉት። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን አሰማራ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ፤ እርሱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከእነዚህ አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። ስለ እነዚህ ዘመቻዎች ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። የ1957ቱ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት በአንድ ስፍራ ስለሚቀመጥ ክፍሉ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል በዓይኑ ያያል። ለሁለት ሳምንት መጥቶ፣ ደብተር አድሎ፣ ባነር ዘርግቶ የሚመለስ አገልጋይ ግን ይህንን ሊያይ አይችልም። ሐምሌ ላይ ከመጣ ክፍሉ ሞልቶ ያገኘዋል፤ ደስ ብሎት ይሄዳል።

በወረቀቱ ላይ ከቀረቡት ተቃውሞዎች «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው አያስጨንቀንም፤ የመንግሥት ሥራ መሆኑ እውነት ነው፤ እስኪሠራ ድረስ ልጁ የሚያድግ መሆኑም እውነት ነው። የሚያስጨንቀን ሁለተኛው ነው። «ወረቀት በመስጠታችሁ ልጁ ከትምህርት ቤት መቅረቱን ሕጋዊ አደረጋችሁት፤ ወላጁም ወረቀቱ አለ ብሎ ያለ ኀፍረት ወደ ቡናው ይሰደዋል» የሚሉ አሉ፤ ከነርሱም መካከል መምህራን ይገኛሉ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቍጥር 1156/2011፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቀጥሮ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በወላጅ ማሳ ላይ ያለውን ሥራ ግን ሌላ ሰው መጥቶ አይቈጣጠረውም። ስለዚህ ክበባችን ከ8ኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ ወረቀት አይሰጥም። ለነዚህ የሚደረገው ከክፍሉ መምህር ጋር ሆኖ ወላጅን በቤቱ ሄዶ ማነጋገር ነው፤ የደብተሩና የዩኒፎርሙ ወጪ እንደሚሸፈንላቸው የምንነግረው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ቡና አፍልቶ ተቀብሎን፣ አመስግኖ፣ በማግሥቱ ልጁን ይዞ ወደ ለቀማው ይሄዳል። ሌላው ይሰማል። ለትልልቆቹ ግን ወረቀቱ ባይኖርም ከክፍል መቅረታቸው የማይቀር ስለ ሆነ ወረቀቱ ቢኖር ይሻላል የሚል አሳብ አለን፤ የማይስማማ ካለ በዚሁ መጽሔት ላይ ይጻፍ።

ለዘንድሮው ሥራ ከማኅበሩ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ይህችን መጽሔት የሚያባዛው መኪና ለአንድ ሳምንት ከነወረቀቱና ከነቀለሙ እንዲፈቀድልን ነው፤ የአሥሩ ሳምንት ትምህርት ከወዲሁ ተጽፎ አልቋል። ሁለተኛው፣ ከተማሪዎቻችን መካከል ቤንችኛ፣ ካፊኛ፣ ሸክኛ ወይም መዠንግኛ የሚችል ሰው ስሙን ለክበቡ ጸሓፊ እንዲያስመዘግብ ነው፤ ጥሩ ሒሳብ መቻል ግዴታ አይደለም። ጊዜው አጭር ነው። ወረቀቶቹ እስከ መስከረም 25 ቀን ካልተባዙ የቴፒው ቡና ቀድሞን ይቀላል።