የሚጠብቀው ያለው ጡረተኛ

ጡረታ የሚሉት ነገር በጎጃሟ ጉንደ ወይን ገበሬ ቤት የለም። ሞፈርና ቀንበሩን ለልጁ ቢያስረክብም፣ ዘር የሚመርጠው፣ ዝናቡ ሲዘገይ ጤፉ የሚዘራበትን ቀን የሚቆርጠው፣ ጎረቤት በድንበር ሲጣላ ወሰኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ጉልበቱ እየደከመ ሲሄድ ሥራውም ቀስ በቀስ ይቀልለታል። እዚያው ከተማ ያለውን መምህር፣ ነርስ ወይም የግብርና ባለሙያ ግን 60 ዓመት ሲሞላው ሕጉ በአንድ ቀን ያሰናብተዋል። ከማግስቱ ጀምሮ አርፍዶ ቢነሳ፣ ጭራሹን ቢቀር የሚጠይቀው የለም። ስለ ጡረታ ሲወራ የሚነሳው የአበሉ ማነስ ነው፤ እውነትም ያንሳል። የሚጠብቀን ሰው ማጣት በአእምሮና በአካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይወራም።

እንግሊዝ አገር «ኋይትሆል ሁለት» የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የለንደንን የመንግሥት ሠራተኞች ሲከታተል ቆይቷል። ከእነዚሁ ውስጥ ከ3,400 በላይ ሰዎች ከጡረታ በፊትና በኋላ ለዓመታት ተፈትነው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። የሰሟቸውን ቃላት መልሶ የማስታወስ ችሎታቸው ከጡረታ በኋላ የደከመው ከቀድሞው በ38 በመቶ በሚፈጥን አኳኋን ነበር። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላው ግኝት ነው። ከፍ ያለ የሥራ ደረጃ የነበራቸው ሰዎች ሥራ ላይ ሳሉ መርሳቱ ዘግይቶላቸው ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ግን ይህ ጥቅም ቀረ። አእምሯቸውን ይጠብቅላቸው የነበረው ማዕረጉ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ሥራው የነበረ ይመስላል።

ታዲያ ሥራው ሲቆም ምን ይተካዋል? ቺካጎ በሚገኘው ራሽ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ቦይልና ባልደረቦቿ ከ900 በላይ አረጋውያንን «ለሕይወቴ ዓላማ አለኝ» በሚለው ስሜት መዝነው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ዓላማቸው የጠነከረ ሰዎች ከአልዛይመር በሽታ ነፃ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው ዓላማቸው ከላላው 2.4 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በርግጥ በሽታው ሳይታወቅ ጀምሮ ዓላማን አስቀድሞ ሊያደበዝዝ ስለሚችል፣ መንስኤና ውጤቱን ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ተከታዩ ጥናት ነገሩን ያጠናክረዋል። የ246 ሟቾች አንጎል ሲመረመር፣ የበሽታው ጉዳት እኩል ሆኖ እንኳ ዓላማ የነበራቸው በሕይወት ሳሉ የተሻለ ያስቡ እንደነበር ታየ።

ለዚህ ማሳያ የሚሆኑ ሰው ከዚያው ከጎጃም አሉ። በደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ ዝናው ብቻ ይበቃቸው ነበር። እሳቸው ግን «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980፣ «ትዝታ»ን በ1985 ዓ.ም. አወጡ፤ ሦስቱም የወጡት 70 ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው።

አካልም የራሱ ጉዳይ አለው። ዕድሜ ሲገፋ ይበልጥ የሚመነምኑት ፈጥነው የሚኮማተሩት የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ሲደናቀፍ ሳይወድቅ የሚይዙት እነሱ ናቸው። በእግር መሄድ ለልብና ለደም ስር ቢበጅም፣ ለእነዚህ ክሮች ብቻውን አይበቃም፤ ክብደት መሸከም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት ሲያነሱ ጉልበታቸው ከእጥፍ በላይ ጨመረ። የጎጃም ሽማግሌ በጾም ወቅት የሚሰግደው ስግደትም፣ ጉልበትና የደም ግፊት ለፈቀደለት፣ ጭንና ወገብን አጥብቆ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። ዳገቱን፣ ጓሮ መኮትኮቱን፣ ውኃ መቅዳቱን ሲጨምሩበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይደረግ ያለው ሳይታሰብ ይሞላል። ጡረተኛዋ እናትማ የቤቱ ሥራና የልጅ ልጆቹ ስላሉባት እንቅስቃሴ አይጎድላትም፤ የሚያስፈልጋት የሚያግዛትና ከቤት ወጥታ ከሰው የምትውልበት ሰዓት ነው።

ሽምግልናው፣ እድሩ፣ ሰንበቴው ለሽማግሌ ቦታ አለው። በዝውውር ከአገር አገር ሲዞር የኖረ ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ እነዚህን ዳር ቆሞ ነው የሚያያቸው። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የተደረገው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። «ኤክስፒሪየንስ ኮር» በተባለው ፕሮግራም 60 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በሳምንት 15 ሰዓት ያህል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ሕፃናትን ማንበብ ያግዙ ነበር። ከእነሱ ጥቂቶቹ አንጎላቸው በምስል ሲታይ ትኩረትን የሚቆጣጠረው ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ተገኝቷል።

ጉንደ ወይን ይህን ለመጀመር ገንዘብ አያግዳትም። አንድ ርዕሰ መምህር ለአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር ጡረተኛ መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ቢመድብ፣ ስሙን ከሌሎቹ መምህራን ጋር በሰዓት ድልድሉ ላይ ቢጽፍና በቀረ ቀን ልጅ ልኮ ቢያስጠይቅ ይበቃል። ሁለቱ ይህን መነጋገር ያለባቸው ግን መሸኛ ግብዣው ከመደገሱ በፊት፣ መምህሩ ገና 58 ወይም 59 ዓመቱ ሳለ ነው።