የፋሲል ግቢ፦ ከድንኳን ወደ ድንጋይ

በሴንት ፖል አጠገብ፣ ሚሲሲፒና ሚኒሶታ የተባሉት ወንዞች ከሚገናኙበት ገደል ላይ፣ ፎርት ስኔሊንግ የሚባል የድንጋይ ምሽግ አለ። የአሜሪካ ጦር በ1820ዎቹ (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የዳኮታ ሕዝብ የትውልዱ መነሻ አድርጎ በሚያከብረው ምድር ላይ ያሠራው ነው። በዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችንን ይዘን ስንጎበኘው፣ «የጎንደሩንስ የሠሩት ፖርቱጋሎች አይደሉም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው በብዙ የጉዞ መጻሕፍት የተደጋገመ ስለሆነ ልጆቹን አንወቅስም፤ መልሱን ግን በአጭሩ ለማብራራት እንሞክራለን።

ዐፄ ፋሲል በ1632 እንደ ነገሡ የአባታቸውን የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ሽረው የኢየሱሳውያንን ሚሲዮን ከአገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚህ በኋላ፣ በ1636 ገደማ ነው። እርግጥ ድንጋይን በኖራ አያይዞ መገንባት በሱስንዮስ ዘመን የተስፋፋ ጥበብ ሲሆን፣ ከህንድ የመጡ ሰዎች እጅ አለበት። የቤተ እስራኤል ግንበኞች ድርሻም ሊዘነጋ አይገባም፤ በእኛው ጸሐፍት ዘንድ እንኳ በሚገባው መጠን አልተነገረለትም።

ከኖራው ይልቅ የሚያስተምረን ግን የግቢው አቀማመጥ ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል በጥንቱ አማርኛ ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነበር። የንጉሡ ድንኳን ከመካከል ይተከላል፤ መኳንንቱ፣ ዳኞቹና ባለሟሎቹ እንደየማዕረጋቸው ዙሪያውን ይሰፍራሉ። ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የፋሲል ግቢ አጥር የአሥራ ሁለቱን በሮች ስም እየጠራን ብንዞረው ይህንኑ ሰፈር በድንጋይ ተተክሎ እናገኘዋለን፦ የዳኞቹ ወንበር በር፣ የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራስ በር፣ የነፊዎቹ እምቢልታ በር፣ ራስ በር፣ ሌሎቹም። ነገሥታቱም እንደ ድንኳን ዘመን የየራሳቸውን ቤት ይተክሉ ነበር። ከፋሲል ግንብ ቀጥሎ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡት በዚህ ልማድ ነው ብለን እናምናለን።

ይህን ስንል ግቢውን የምሕረት ቤት ማድረጋችን አይደለም፤ ዐዋጅ ይነገርበት በነበረው በጃን ተከል አደባባይ የሞት ፍርድም ይፈጸም ነበር። ይሁን እንጂ በ1862–63 የብርድ ወራት 1,600 ያህል ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከሥሩ የታጎሩበት ምሽግና የአገሬው ሰው አቤቱታውን ይዞ የሚገባበት ግቢ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም።

ግቢው በ1888 በመሐዲስቶች ወረራ፣ በ1941 ደግሞ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድብደባ ተጎድቷል። ኢጣልያኖች በያዙበት ዘመን በሲሚንቶ ጠግነውት ነበር። በ1970ዎቹ፣ ዩኔስኮ በ1979 በዓለም ቅርስነት ከመመዝገቡ አስቀድሞ በተጀመረው እድሳት፣ አብዛኛው ሲሚንቶ ተነሥቶ ቦታው እንደ ቀድሞው በኖራ ተሞላ።