ከአልቅት እስከ አምባገነን፦ በታይላንድ ብሔራዊ ፓርኮች ያየነውና የሰማነው

«አገር እንዲህ ሆና እናንተ ዝሆን ፍለጋ እስያ ትዞራላችሁ ወይ?» የሚል ደብዳቤ እንደሚደርሰን ከወዲሁ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱን። የታይላንድ ጫካ ከሩቅ ሲያዩት ቅጠልና ዝናብ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲጠይቁ ግን አምባገነን የወደቀበት፣ ሐቀኛ የመንግሥት ሠራተኛ የሞተበት፣ ደሃ ገበሬ የተባረረበት ስፍራ ነው።

በካኦ ያይ እንጀምር። ትርጉሙ «ትልቁ ተራራ» ነው። ከባንግኮክ በስተሰሜን ምሥራቅ የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የታወጀው እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 1962 ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በነሱ አቆጣጠር ያ ዓመት 2505 ነው፤ በኛ ደግሞ ቀኑ መስከረም 8 ቀን 1955 ላይ ይውላል። ዘመን የራሱ ነው የሚል ሕዝብ እኛ ብቻ አለመሆናችን ደስ አሰኝቶናል።)

ከባንግኮክ በባቡር ፓክ ቾንግ የምትባል ከተማ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ፓርኩ በር የሚወስደው ሶንግቴው የሚሉት መኪና ነው። አዲስ አበባ «ውይይት» ላይ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው ፒክአፕ ነው። በሩ ላይ የውጭ አገር ሰው 400 ባህት፣ የአገሬው ሰው 40 ባህት ሲከፍሉ ኖረዋል። አንዳንድ ፈረንጆች በዚህ ሲነጫነጩ ሰማን፤ አገር ቤት «የዲያስፖራ ዋጋ» የለመደ ግን ከፍሎ ዝም ይላል።

ጫካው ውስጥ በመጀመሪያ የሚቀበለው አስተናጋጅ አልቅት ነው። እኛ አልቅትን የምናውቀው ውሃ ውስጥ፣ በቅሎ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። የታይላንዱ ግን በዝናብ ወራት ቅጠል ላይና መሬት ላይ ቆሞ የሰው እግር ይጠብቃል። ስለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርስ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋ ካልሲ ይሸጣል፤ ሳትገዙ እንዳትገቡ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ለእግረኛ የተሻለ ነው። በብዙዎቹ የእግር መንገዶች ላይ መሪ መያዝ ግድ ነው፤ ነፃ ነኝ ብሎ የሚሄድ ሰው በቀላሉ ይጠፋል።

ጎህ ሲቀድ የሚሰማው የጊቦኖች ዝማሬ ነው። ጭራ የሌላቸው፣ ክንዳቸው ረዥም፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተወረወሩ የሚሄዱ ፍጥረታት ናቸው። ባልና ሚስት እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ዜማው ድንበር ማሳወቂያም ነው። በካኦ ያይ ሁለት ዓይነት ጊቦኖች አሉ፤ ግዛታቸው በሚገናኝበት አካባቢ እርስ በርስ ተጋብተው ድብልቅ ልጆች ወልደዋል። ዘር ከዘር መለየት የሥራ ሁሉ መጀመሪያ በሆነበት ፖለቲካ ውስጥ ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

የኛው የእርኩም ዘመድ የሆነ ትልቅ ወፍም አለ። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሴቲቱ ዕንቁላል ለመጣል የዛፍ ጎድጓድ ውስጥ ትገባና በሩን ትደፍነዋለች፤ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ወንዱ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ይመግባታል። አዳኝ ወንዱን ከገደለው እናትና ጫጩት ያለ መጋቢ ይቀራሉ።

ከከብት አገር የመጣ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር የጨው አፈሩ ነው። ዝሆኑም፣ ሳምባር የሚባለው ትልቁ አጋዘንም እየመጡ ይልሱታል፤ ሆራ ማለት ነው። አቅራቢያው ያለው ማማ ላይ ወጥቶ ድምፅ ሳያሰሙ መጠበቅ ከሩጫ ይሻላል። ዝሆን መኪና መንገድ ላይ ቢያጋጥም ደግሞ በትንሹ 30 ሜትር ያህል ርቆ መቆም፣ ጥሩምባ አለመንፋት፣ በፍላሽ ፎቶ አለማንሳት ነው። በጥቅምት 2019 በዚሁ ፓርክ ሄው ናሮክ በሚባለው ፏፏቴ 11 ዝሆኖች ወድቀው ሞተዋል። አንድ ግልገል ሲንሸራተት ሌሎቹ ሊያድኑት ተከትለው ሳይገቡ እንዳልቀረ ተነግሮ ነበር።

ታይገር በካኦ ያይ አይታይም። (ነብር እያልን የምንጠራው የኛው ባለ ነጠብጣቡ ነው፤ ባለ ሸንተረሩን ታይገር ብንለው ይሻላል።) ታይገር ያለው በስተምዕራብ፣ በበርማ ድንበር በኩል፣ ሁዋይ ካ ኬንግ እና ቱንግያይ በሚባሉት ጥብቅ ደኖች ነው። እነዚህ ብሔራዊ ፓርክ አይደሉም፤ የዱር እንስሳት መጠለያ ስለሆኑ መግባት የሚቻለው በፈቃድ ነው። ወደ ዋናው ነገራችን የሚያደርሰንም ይህ ደን ነው።

ካኦ ያይን ያቋቋመው ፊልድ ማርሻል ሳሪት ታናራት በመፈንቅለ መንግሥት የመጣ ወታደር ነበር። ዶክተር ቡንሶንግ ሌካኩል የሚባሉ ሐኪም፣ በወጣትነታቸው አዳኝ የነበሩ ሰው፣ ደን ይጠበቅ እያሉ ሲወተውቱ ቆይተው ሰሚ ያገኙት በሱ ዘመን ነው። ለሳሪት የሚገባውን እንስጠው። ያው ሳሪት በ1963 ሲሞት ያካበተው ሀብት ጉድ አሰኝቶ መንግሥት ከፊሉን ወርሶታል። ደን ጠባቂና ካዝና ጠባቂ የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ሥልጣኑን የወረሱት ጄኔራሎች ነበሩ፣ ፊልድ ማርሻል ታኖም ኪቲካቾርንና ባልደረቦቻቸው። ሚያዝያ 29 ቀን 1973 አንድ የጦር ሄሊኮፕተር ከቱንግያይ ሲመለስ ተከሰከሰ። ከስብርባሪው መካከል የዱር እንስሳ ሥጋ ተገኘ። ሹማምንትና ወዳጆቻቸው በሕዝብ ሄሊኮፕተር፣ በተከለለ ደን ውስጥ አደን ላይ ሰንብተው ነበር። መንግሥት «ምስጢራዊ ተልእኮ ነው» አለ። በመንግሥት ጋዜጣ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለው ዜና እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል፦ «በግዳጅ ላይ የነበረች ሄሊኮፕተር በደረሰባት የቴክኒክ ብልሽት...»። ሥጋው ከዜናው ይወጣል፤ አበባው ለሟቾች ይገባል።

የባንግኮክ ተማሪዎች ግን ሥጋውን አልረሱትም። የዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት የቱንግያይን ምስጢር በመጽሐፍ አውጥተው ሸጡ፤ እንደ ጉድ ተቸበቸበ። በዚያው ጉዳይ ላይ የተሳለቀ ጽሑፍ ያወጡ የራምካምሄንግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሰኔ ወር ተባረሩ። ጓደኞቻቸው ለነሱ ሰልፍ ወጡ። ሰልፉ ሕገ መንግሥት ይሰጠን ወደሚል ጥያቄ አደገ። ጥቅምት 14 ቀን 1973 ወታደር በሕዝብ ላይ ተኮሰ፣ ከ70 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፣ ታኖምም አገር ለቆ ሸሸ። ከአራት ወር በኋላ በአገራችን የየካቲት 66 አብዮት ፈነዳ። የኛ የወሎ ረሃብ ነበር፣ የነሱ የተሰረቀ የዱር በሬ ሥጋ። የተደበቀው ነገር ቢለያይም የመደበቁ ዘዴ አንድ ነው። ቱንግያይ በተከታዩ ዓመት በሕግ ተጠበቀ።

ሰውብ ናካሳቲየን የሚባለው ሰው ታሪክ ከዚህ ይቀጥላል። የደን መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። በደቡብ ታይላንድ ግድብ ተሠርቶ ሸለቆው በውሃ ሲሞላ፣ ደሴት ላይ የቀሩትን እንስሳት በጀልባ እየዞረ አወጣ፤ ብዙዎቹ ግን አልቀዋል። በዚህ ልምዱ ነው በቱንግያይ ደን ሊሠራ የታሰበውን የናም ቾአን ግድብ አጥብቆ የተቃወመው፤ ግድቡም በ1988 ቀረ። ከዚያ የሁዋይ ካ ኬንግ ኃላፊ ሆነ። ጠባቂዎቹ በአዳኞች ጥይት ይሞታሉ፣ ገንዘብ የለም፣ ከአዳኙ ጀርባ ባለ ሥልጣን አለ፣ ደብዳቤው መልስ አያገኝም። ደኑ በዓለም ቅርስነት እንዲመዘገብ የሚጠይቀውን ሰነድ ሲያዘጋጅ ቆይቶ መስከረም 1 ቀን 1990 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 40 ነበር። ሲኖር ያልሰሙት ሹማምንት ሲሞት ሰሙት። ዩኔስኮ ሁለቱን ደኖች በ1991 መዘገበ። ዛሬ ሁዋይ ካ ኬንግ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ታይገር ከቀረባቸው ጥቂት አስተማማኝ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል።

ጉዳዩ ግን አልተዘጋም። በ2018 ከአገሪቱ ታላላቅ የግንባታ ከበርቴዎች አንዱ ቱንግያይ ውስጥ ከተገደለ ጥቁር ነብር ጋር ተያዘ። የያዙት ተራ የደን ጠባቂዎች ናቸው። «ገንዘብ ያወጣዋል» ያለው ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2021 ከሦስት ዓመት በላይ እስራት አጽንቶበት ወህኒ ወርዷል።

እዚህ ላይ ብናበቃ የደን ጠባቂዎች ሁሉ መላእክት ናቸው ያልን ይመስላል። ኬንግ ክራቻን የአገሪቱ ትልቁ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ወደ 2,900 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለወፍ ተመልካች ገነት ነው። በዚያ ጫካ ከፓርኩ በፊት የነበሩ የካረን ብሔረሰብ ሰዎች አሉ። በ2011 የፓርኩ ሰዎች ቤታቸውንና የሩዝ ጎተራቸውን አቃጠሉ። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድ ይረዳቸው የነበረ ቢሊ የሚሉት ወጣት ካረን ሚያዝያ 2014 የዱር ማር ይዘሃል ተብሎ በፓርኩ ሰዎች ተያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጠባቂዎቹ ለቀቅነው አሉ። በ2019 አጥንቱ ከፓርኩ የውሃ ግድብ ውስጥ ከዘይት በርሜል ጋር መገኘቱን መርማሪዎች አስታወቁ። የቀድሞው የፓርኩ ኃላፊ በ2023 ከግድያው ክስ ነፃ ወጥቶ፣ መያዙን ባለማሳወቁ ብቻ ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ይህን ስንሰማ በ2004 ከነጭ ሳር ቤታቸው ተቃጥሎ የወጡት ጉጂዎች፣ በ2016 ከስሜን ተራራዎች የተነሱት የጊጭ መንደር ነዋሪዎች ትዝ አሉን። ዋልያ ይጠበቅ እንላለን፤ ከዋልያው ጋር የኖረውን ገበሬ ማን ይጠብቀው የሚለውን ግን ከመንግሥትም ከተቃዋሚም አጥብቆ ያነሳው አልሰማንም።

በ2021 መጀመሪያ ላይ ካረኖቹ በእግራቸው ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመልሰው ወጥተው ነበር። በመጋቢት ወር በሄሊኮፕተር አወረዷቸው። በሐምሌ ዩኔስኮ ኬንግ ክራቻንን የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው።